ማዳንም መከላከልም፤ የደባርቅ መንገድ ያስተማረኝ ሙያ

ደባርቅ ላይ አምቡላንስ ሲጠራ መጀመሪያ የምንጠይቀው ቦታውን ነው፤ መኪና ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተሰሜን ሊማሊሞ ላይ መሬቱ ድንገት ይቋረጥና ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቀደደው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በስተምሥራቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ቧሂት እያለ ወደ ራስ ደጀን ይዘልቃል። በስተደቡብ ዳባት፣ ከዚያ ወገራ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ጎንደር። ጉዳቱ የከበደ ሰው ሪፈር የሚጻፍለት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ በእኛ አካባቢ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ዋና ሥራው ሕመምተኛው ይህን ረጅም መንገድ በሕይወት እንዲጨርስ ማድረግ ነው።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። በነርስነት ተመርቄ ደባርቅ ላይ አምቡላንስ ውስጥ ሠርቻለሁ። ዛሬ በአንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት ኃላፊ ነኝ። ሠራተኛው ሥራዬን «ሴፍቲ» ይለዋል፤ እኔን ግን ዛሬም «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። ምን ልማር ብለው የሚያስቡ ወጣቶች ስለ ሁለቱም ሥራ ይጠይቁኛል፤ ከአንዱ ወጥቼ ሌላ ሙያ የጀመርኩ ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን አንድ ሙያ ነው። አንደኛው ወገን አደጋው ከደረሰ በኋላ ይጀምራል፤ ሌላኛው ሳይደርስ ይጀምራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መዝገብ ነው፤ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲሠራ ተጎዳ የሚለው መዝገብ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ፈረቃ የሚጀመረው መኪናውን በመፈተሽ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ግፊት ስንት ላይ ነው? የአክታ መምጠጫው ይሠራል? የአንገት ኮላር፣ የአጥንት መደገፊያ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ የማዋለጃ ዕቃ ተሟልቷል? ነዳጅና ተለዋጭ ጎማስ? ከወረዳ አምቡላንስ ጥሪ ብዙው የምጥ ነው፤ እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ማድረስ አንዱ ትልቁ ሥራችን ነበር። ከዚያ የመኪና አደጋ፣ ከገደል መውደቅ፣ የበቅሎ ርግጫ፣ የውሻ ንክሻ፣ ከቆላው ደግሞ የእባብ ንድፊያና ወባ ይከተላሉ።

አንድ ጊዜ ድንጋይ ጭኖ ሲወርድ የተገለበጠ አይሱዙ ጋ ደረስን። ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ይጓዝ የነበረ ጎልማሳ መንገድ ዳር ወድቋል፤ ጭኑ ተሰብሮ ከቁስሉ ደም ይፈልቃል። ሰዎች ነጠላ ደራርበውበት ነጠላው ርሷል። እንዲህ ያለውን ደም ማቆም የሚጀመረው በመጫን ነው። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ፣ በሰውነት ክብደት፣ ሳይለቁ መጫን። ጨርቁን በየደቂቃው እያነሡ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል። የእጅ ወይም የእግር ደም በዚህ ካልቆመ ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ፣ ሰፋ ባለ ማሰሪያ ደሙ እስኪቆም ማጥበቅ ነው። የታሰረበት ሰዓት መጻፍ አለበት፤ እኔም ካሰርኩለት በኋላ ፕላስተር ቆርጬ ሰዓቱን ጽፌ ደረቱ ላይ ለጠፍኩለት። ጎንደር የሚቀበለው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው።

እግሩን በመደገፊያ ስናስተካክል አባቱ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ አጥንት ለወጌሻ ነው፤ ወደ ቤት እንውሰደው» አሉ። «አባቴ፣ ወጌሻው የሚያውቀው አለ፤ ይኼ ግን ቆዳው ተቀዶ አጥንቱ ውጭ ታይቷል፤ ካልታጠበና በመድኃኒት ካልተያዘ ያመረቅዛል» አልኳቸው። ወጌሻ በሕዝባችን ዘንድ የተከበረ ነው፤ ብዙ ወለምታም ያቃናል። አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም እንዳይዘዋወር ከልክሎ እጅና እግር ያስቆረጠባቸው ልጆች ግን በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ይታያሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም መንካት ካልተሰማው ማሰሪያው በዚያች ደቂቃ መላላት አለበት። ይህን ለቤተሰብ በአክብሮት ማስረዳት ከፋሻው እኩል ያስፈልጋል። አባትየው ተስማምተው ከልጃቸው ጋር አምቡላንሱ ውስጥ ገቡ።

ማታ ላይ ያንን ሰው መዝገብ ላይ ሳሰፍር «የመኪና አደጋ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። «ጭነት ላይ ተቀምጦ» የምትለውን ጨመርኩ። ወደ ኋላ እየገለጥኩ ሳነብ ተመሳሳይ ሰዎች አገኘሁ፤ ድንጋይ ላይ፣ አሸዋ ላይ፣ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከሥራ የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች። ያዳንነውን ሰው ከመጎዳት የሚያድነው ሌላ መኪና ነበር፤ ወንበር ያለው የሠራተኛ መኪና። ወደ ሴፍቲ ሥራ ያመራሁት በዚህ ሐሳብ ነው።

ተራራ ላይ የሚሠሩ ሰዎች

የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከዓለም ዙሪያ እንግዳ ይመጣበታል። ከእንግዳው ጋር አስጎብኚ፣ ጠመንጃ ያነገበ ስካውት፣ ወጥ ሠሪና በቅሎ ጫኝ ይወጣሉ። አንድ ቱሪስት ሲታመም ሁሉም ይደናገጣል፤ ወጥ ሠሪው ሲታመም ግን «ብርድ መታው» ይባልና ይታለፋል። እነሱም ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚደርስባቸው ጉዳትም የሥራ ጉዳት ነው።

ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ራሱ ሊያሳምም ይችላል። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባህር ወለል ከሚገባው ከ60 በመቶ በታች ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ይህ ከታየ ባሉበት ማረፍ ነው፤ እስኪሻል ከፍ አለማለት። ሰውየው ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለና ሮዝ አረፋ ከተፋ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው። ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ መራመድ ካልቻለ፣ ንግግሩም ከተዘበራረቀ አንጎሉ እያበጠ ነው። በሁለቱም መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ በበቅሎም ሆነ በቃሬዛ። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ይህን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ያስቀራል። የድንገተኛ ሐኪምና የጉዞ አዘጋጅ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ የጉዞ ፕሮግራም ሲወጣ ሕክምናው ተጀምሯል ማለት ነው።

ሌላው ገዳይ ማንደጃ ነው። ደጋ ነን፤ ማታ ውርጭ ሲወርድ ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ያስገባል፤ ተራራ ላይም ወጥ ቤት ድንኳን ውስጥ ያድራል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰው ራሱን እያመመው ይተኛና አይነቃም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ያታልላል፤ ሁለቱን ጋዝ ስለማይለይ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መሣሪያውን ብቻ ሳናምን ክፍሉን እናያለን። ከሰል ካለ፣ አብረው ያደሩት ሁሉ ራሳቸውን ካመማቸው፣ በሩን ከፍቶ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ሆስፒታል ማድረስ። አዳኙም ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት አለበት፤ ሁለተኛ ተጎጂ እንዳይሆን።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ በተቃጠለ ጊዜ እሳቱን ቀድሞ የተጋፈጠው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ዝናቡም አገዘ። በቅጠልና በአካፋ ገደል አፋፍ ላይ እሳት የሚያጠፋ ገበሬ ውኃ፣ የአፍ መሸፈኛ፣ የመውጫ መንገድ፣ ስሙን የሚመዘግብና ማታ መመለሱን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልገዋል። ይህም የሴፍቲ ሥራ ነው።

ጎንደርና ዳባት የጀመሩት

ማዳንንና መከላከልን ማጣመር ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ወባ ተነሥቶ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው በቡድን ነበር፤ የጤና መኮንኑ ያክማል፣ የማኅበረሰብ ነርሷ ቤት ለቤት ትከታተላለች፣ ሳኒታሪያኑ ውኃውን፣ መጸዳጃውንና ረግረጉን ይቆጣጠራል። አንዱ ሳይኖር የሌላው ሥራ እንደማይጸና ያኔ ታውቋል።

ዳባት ላይ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የጤናና የሕዝብ ክትትል ጥናት ያካሂዳል። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት ይመዘግባሉ። ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ቤቱ ከሞተም ቤተሰቡን በተዘጋጀ መጠይቅ ጠይቀው የሞቱን ምክንያት ለማወቅ ይጥራሉ። የመንደራችን ሰው ከምን እንደሚሞት ካልታወቀ ምኑን እንደምንከላከል አይታወቅም። እኔም ዛሬ ሳይት ላይ የምይዘው የአደጋ መዝገብ የዚህ ትምህርት ልጅ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲጠጋ፣ ጭና በምትባለው መንደርም ሲቪሎች ሲገደሉ፣ የአካባቢያችን የጤና ባለሙያዎች ከአቅማቸው በላይ ቁስለኛ ተቀብለዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ማን እንደጮኸ አይደለም፤ ማን አሁኑኑ ካልታከመ እንደሚሞት፣ ማን መጠበቅ እንደሚችል መለየት ነው። ይህ ልየታ በሰላም ጊዜ ካልተለማመዱት በጭንቅ ጊዜ አይመጣም።

ሴፍቲ ምን ይሠራል?

ሳይት ላይ ቀኔ የሚጀምረው «ቱልቦክስ» በምንለው የጠዋት አጭር ገለጻ ነው። ካቦው፣ ኦፕሬተሩ፣ የቀን ሠራተኛው ይሰበሰባሉ። ዛሬ ምን ይሠራል? የት ሊጎዳን ይችላል? ምን እናድርግ? ሠራተኛው ራሱ እንዲናገር አደርጋለሁ፤ አለቱ ሲላላ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነውና።

ቦይ ቁፋሮን ልውሰድ። ከ1.5 ሜትር የጠለቀ ቦይ ውስጥ ሰው ሲገባ ግድግዳው ሊደረመስ ይችላል፤ ክረምት አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል ያላነሰ ሊመዝን ይችላል፤ ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ፊቱ ውጭ ሆኖም መተንፈስ ያቅተዋል። ሰዎች ሴፍቲ ሲባል ሄልሜት ይታያቸዋል፤ ሄልሜት ግን ከቦይ መደርመስ አያድንም። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው መግባቱ የግድ ነው ወይ ብዬ ነው፤ ኤክስካቫተሩ ከላይ ሆኖ ሊጨርሰው ይችል ይሆናል። የግድ ከሆነ ግድግዳው ተዳፋት ይደረጋል ወይም በእንጨትና በብረት ይደገፋል። የወጣው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ሲኖትራክ አይጠጋም። መሰላል ይቀመጣል። ከዝናብ በኋላ ሳይፈተሽ ማንም አይገባም። ሄልሜት፣ ሴፍቲ ጫማና ጓንት የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ መቀየር፣ ካልሆነ መከለል፣ ከዚያ ደንብ ማውጣት፣ በመጨረሻ ሰውን ማልበስ።

ከተደረመሰስ? እዚህ ላይ የአምቡላንስ ልምዴ ይሠራል። ጓደኛ ለማውጣት ዘሎ የሚገባ ሰው ሁለተኛ ሬሳ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ማሽኖቹ ይቆማሉ፣ አፋፉ ይጸዳል፣ አምቡላንስ ይጠራል፣ ግድግዳው ይደገፋል፤ ከዚያ በእጅና በአጭር አካፋ ከፊትና ከደረት ይጀመራል። ይህን ሠራተኛው በደረቅ ቀን ተለማምዶታል። አምቡላንሱ የሚመጣበት መንገድ፣ ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ፣ የቀይ መስቀል 907 ቁጥርና የሆስፒታሉ ስልክ ቢሮው በር ላይ ተለጥፈዋል።

ሕጉም ከሠራተኛው ጋር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ የደረሰውን ጉዳት መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር አሠሪው «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም። በሥራ ላይ ለተጎዳና መሥራት ላቃተው ሰው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ይህን መብት ብዙ የቀን ሠራተኛ አያውቀውም፤ ብሩን ሳይቀበል፣ ስሙም ሳይመዘገብ ወደ አገሩ ይመለሳል። ላልተመዘገበ ጉዳት ካሳ ማግኘት ይከብዳል፤ ነገ ደግሞ በሌላው ላይ ይደገማል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ደህንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል።

መግባት ለሚፈልግ ወጣት

ወደ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስገባው በር ብዙ ነው። በጤና ሳይንስ ኮሌጆች በደረጃ 4 የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሽያንነት ይሰጣል፤ በነርስነትና በጤና መኮንንነት ጀምሮ መቀጠልም ይቻላል። የአካባቢ ጤና የተማረ፣ መሐንዲስ ወይም ነርስ ደግሞ በሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ በመንገድ ሥራ፣ በፋብሪካ፣ በማዕድን፣ በእርሻ ልማት ሊቀጠር ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የማደንዘዣ ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን ሲያቋቁሙ ይህ ሥራ በግልም ሊቆም እንደሚችል አሳይተዋል፤ ድርጅቱ ከአምቡላንሱ ጎን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል።

ባለሙያውን ከሩቅ መጠበቅም አያስፈልግም። በአሜሪካ ፒትስበርግ በ1967 እ.ኤ.አ. ፍሪደም ሀውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ሲጀመር፣ ዶክተር ፒተር ሳፋር ያሠለጠኗቸው ሥራ አጥተው የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ለዘመናዊው የአምቡላንስ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ሆኑ። የእኛም በቅሎ ጫኝ አቋራጩን ያውቃል፤ ስካውቱ ገደሉን ያውቃል፤ የአይሱዙ ረዳት አደጋው ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ሕመምተኛን በቃሬዛ ተቀባብሎ ተራራ ማውረድ ደግሞ ሕዝባችን ከጥንትም የሚያውቀው ነው። ደም ማቆም፣ አንገትን ሳያንቀሳቅሱ ማንሣት፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እያጎደጎዱ መጫን ለእነዚህ ሰዎች ከተማሩ የሚከብዳቸው አይደለም።

ሙያው ከባድ ነው። እንቅልፍ ይነሣል፤ ያላዳኑት ሰው ፊት ይከተላል፤ ሳይት ላይ ደግሞ «ሥራ አቆምሽ» የሚል ፎርማን ይገጥማል። የሚበጀው ከጓደኛ ጋር መነጋገር፣ ማረፍና ሥራ የማስቆም ሥልጣንን በጽሑፍ መያዝ ነው። ያንን ሥልጣን ያልሰጠ አሠሪ ሴፍቲ ቀጥሬያለሁ ሊል አይገባም።

የምለምነው ግልጽ ነው። የየወረዳው አምቡላንስ መዝገብ የአደጋውን ምክንያት ይያዝ፤ በየሩብ ዓመቱም የጤና፣ የመንገድ፣ የፓርክና የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች አብረው ያንብቡት። ከሳንቃበር በላይ የሚወጣ ቡድን ሁሉ የመጀመሪያ እርዳታ የተማረ አንድ ሰው ይኑረው። ድንጋይ የሚያጓጉዝ ሥራ ተቋራጭ ለሠራተኛው ወንበር ያለው መኪና ያቅርብ። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲና በዙሪያችን ያሉ ኮሌጆች ሐኪሙንና ተከላካዩን በአንድ ክፍል ያስተምሩ፤ ጎንደር በ1947 ዓ.ም. ከቻለችው ዛሬ የሚያቅተን ምክንያት የለም። ይህን ሙያ የምትመርጡ ወጣቶች ደግሞ ቁስለኛውን ባነሣችሁ ቁጥር ለምን እንደወደቀ ጠይቁ፤ መልሱን ጻፉ፤ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ማስተካከል የሚችለው ሰው ቢሮ ግቡ።